የእህቴ ዩኤስዲቲ ሲሰረቅ፦ ዱካውን ያገኘነው ክፍያውን ማን ከፈለ ብለን ነው

ይህን የምጽፈው ገንዘቡ ትናንት ማታ ተወስዶበት ዛሬ የሚይዘው የሚጨብጠው ለጠፋው ሰው ነው። ከእኛ ቤት የተወሰደው የእህቴ ገንዘብ ነበር፤ ሻርጃ ሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችው 3,900 ዩኤስዲቲ (አንዱ የአንድ የአሜሪካ ዶላር ዋጋ እንዲኖረው ተብሎ የወጣ ክሪፕቶ፣ ማለትም ዲጂታል ገንዘብ)። በዚያ ሰሞን ደሴ ውስጥ ያማከርነው ሰው ሁሉ «ክሪፕቶ ከሄደ ሄደ፣ እርማችሁን አውጡ» ነበር የሚለን። መሄዱስ ሄዷል። ነገር ግን የሄደበት መንገድ ለማንም ክፍት በሆነ መዝገብ ላይ ተጽፎ ይቀራል፤ ሌባውም ቢሆን ሊሰርዘው አይችልም። መንገዱ ብዙ ጊዜ የሚያበቃው ደግሞ የደንበኛ ስምና መታወቂያ ተመዝግቦ በሚያዝበት ኤክስቼንጅ (የክሪፕቶ መግዣና መሸጫ ድርጅት) ላይ ነው። ያን ስም ለእኔና ለእናንተ አይነግሩንም። ለፖሊስ ግን ይሰጣሉ። ስለዚህ የተሰረቀበት ሰው ዋና ሥራ ፖሊስ ሊጠቀምበት የሚችል ጥርት ያለ ማስረጃ ቶሎ ማዘጋጀት ነው።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። ታናሽ ወንድማችን ኮምቦልቻ ይማራል። እህቴ እዚያው ኤምሬትስ በስሟ በከፈተችው አካውንት ዩኤስዲቲ እየገዛች እሱ ስልክ ላይ ባለው ዋሌት (የክሪፕቶ ቦርሳ) ታስቀምጥ ነበር፤ ስትመለስ ሸዋ በር አካባቢ ሱቅ ለመክፈት ነበር ሐሳቧ። ኅዳር 2017 ላይ የቪዛ ማደሻ ቸገራትና «የተወሰነውን መልስልኝ» አለችው። ሊልክላት ሲሞክር አልሄድ አለ። ትሮን በሚባለው የክሪፕቶ ማስተላለፊያ መስመር ላይ ያለ ዩኤስዲቲ ሲላክ የማስተላለፊያው ክፍያ የሚቆረጠው ከዩኤስዲቲው ላይ አይደለም፤ ቲአርኤክስ ከሚባለው ከትሮን ከራሱ ሳንቲም ነው። በዋሌቱ ውስጥ ደግሞ ቲአርኤክስ አልነበረም። ይህን ስላላወቀ አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጠየቀ። ወዲያው «ሰፖርት» የሚል ስም ያወጣ ሰው በውስጥ መስመር መጣለት። ጥርት ባለ አማርኛ «አብሽር ወንድሜ፣ ዋሌትህ ቬሪፋይ ስላልሆነ ነው» ብሎ ሊንክ ላከለት። ሊንኩ ዋሌቱ ሲከፈት የተሰጡትን 12 ቃላት ጠየቀው፤ አስገባ። ገንዘቡ ወጣ።

እነዚያ 12 ቃላት የገንዘቡ ቁልፍ ናቸው። ቃላቱን ያገኘ ሰው ስልኩ በእጃችሁ ቢሆንም ባይሆንም፣ የይለፍ ቁጥር ብትቀይሩም ባትቀይሩም ገንዘቡን ማንቀሳቀስ ይችላል። የትኛውም እውነተኛ ድርጅት «እናስተካክልላችሁ» ብሎ ቃላቱን አይጠይቃችሁም። ሳታውቁ አስገብታችሁ ከሆነና ዋሌቱ ውስጥ የቀረ ነገር ካለ፣ በሌላ ንጹሕ ስልክ ላይ አዲስ ዋሌት ከፍታችሁ ወዲያው አውጡት፤ አሮጌውን ዳግም አትጠቀሙበት። ለማውጫ ብላችሁ ቲአርኤክስ ስትልኩበት ገና እንደገባ በሮቦት የሚጠርጉ ሌቦች መኖራቸውንም እወቁ።

ያን ሌሊት ወንድሜ ለእህታችን እንዳንነግራት ለመነን። «መፍትሔ ልፈልግና እኔው እነግራታለሁ» ይላል እያለቀሰ። እናታችን ናት እምቢ ያለችው። «የሰው ላብ ነው፤ ባለቤቱ ሳያውቅ አያድርም» አለችና እሷው ደወለች። እህቴ መጀመሪያ የጠየቀችው ልጁ ደህና መሆኑን ነበር። ኋላ ላይ እንዳየነው ዩኤስዲቲውን የገዛችበትን ደረሰኝ፣ ከአካውንቷ ወደ ወንድሜ ዋሌት የላከችበትን መዝገብና የደመወዟን ወረቀት ከእሷ በቀር ማንም ሊያወጣው አይችልም ነበር። ያለዚያ «ገንዘቡ የማን ነው?» ለሚለው የፖሊስ የመጀመሪያ ጥያቄ መልስ አልነበረንም። እፍረት ብዙ ሰዓት ይበላል። በእናንተ እጅ የጠፋው ገንዘብ የሌላ ሰው ከሆነ ዛሬውኑ ንገሩት።

በዚያው ሌሊት ሌላም ነገር ሆነ። ወንድሜ በንዴት ለሌባው ስድብ ጻፈለት። ሰውየው ሙሉውን ወሬ ከሁለቱም ስልክ አጠፋው፤ ቴሌግራም የግል ወሬን ለሁለቱም ወገን ማጥፋት ይፈቅዳል። አላህ ሲረዳን የዶርም ጓደኛው ቀደም ብሎ ወሬውን በስልኩ ፎቶ አንስቶት ነበር። እናንተ ግን ለሌባው አንዲት ቃል ሳትጽፉ በፊት ሁሉንም ያዙት፤ ስክሪንሾት አንሱ፣ የሊንኩን ሙሉ አድራሻ ገልብጡ፣ ከቻላችሁም በኮምፒውተር ቴሌግራም ወሬውን ኤክስፖርት አድርጉ። ኤክስፖርቱን JSON በሚለው ምርጫ ካወጣችሁት የሰውየው የቴሌግራም መለያ ቁጥር ይወጣል። ዩዘርኔም በየቀኑ ይቀየራል፤ ቁጥሩ ግን አይቀየርም።

ወደ ዱካው ልምጣ። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ስለ ክሪፕቶ እስከዚያ ቀን ድረስ የማውቀው ከስሙ አያልፍም ነበር። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ባለው ቤታችን ውስጥ ላፕቶፑን ዘርግተን የትሮንን ክፍት መዝገብ የሚያሳየውን ትሮንስካን የሚባል ገጽ ከፈትን። ነፃ ነው፣ ምዝገባም አይጠይቅም። የወንድሜን ዋሌት አድራሻ ስናስገባ ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ የገባውና የወጣው በሙሉ ተደርድሮ መጣ። የእህቴ ላቦት በየወሩ፤ 200፣ 350፣ 150። መጨረሻ ላይ 3,900 በአንዴ ወጥቷል። ወንድሜና ጓደኞቹ ያዩት ይህን የመጨረሻውን መስመር ነበር፤ «ወዴት ሄደ» እያሉ።

የእኔን ዓይን የያዘው ከሱ በፊት ያለው መስመር ነው። 3,900ው ከመውጣቱ ጥቂት ደቂቃ ቀደም ብሎ 30 ቲአርኤክስ ገብቷል። ማን ላከው? እኛ አልላክንም። ወንድሜን ያስቸገረው እኮ የቲአርኤክስ አለመኖር ነው፤ ሌባውም ያው ችግር ገጥሞት የማስተላለፊያውን ክፍያ ከራሱ ከፍሏል ማለት ነው። በሒሳብ ሥራ ወጪ ካለ ከፋይ አለ። 30ውን የላከውን አድራሻ ስንከፍተው ዕድሜው አጭር፣ እንቅስቃሴውም ጥቂት ነበር። የመጀመሪያ ገንዘቡ የመጣው ደግሞ ትሮንስካን የአንድ ትልቅ ኤክስቼንጅ ስም ከለጠፈበት አድራሻ ነበር። ይህ ማለት እዚያ ኤክስቼንጅ ላይ አካውንት ያለው አንድ ሰው፣ በዚያች ደቂቃ፣ ወደዚያ አድራሻ ቲአርኤክስ አውጥቷል ማለት ነው። ኤክስቼንጁ የግብይቱን ሃሽ (መለያ ቁጥር) ብቻ አይቶ የትኛው ደንበኛ እንደሆነ ማወቅ ይችላል።

ሁሉም ሰው የሚከተለው የሄደውን ገንዘብ ነው፤ ሌባው ብዙ የሚጠነቀቀውም በዚያ በኩል ነው። የማስተላለፊያ ክፍያው ግን ትንሽ ስለሆነ ብዙዎቹ ችላ ይሉታል። እባካችሁ ወደ ኋላም እዩ። ከስርቆቱ በፊት ወደ ዋሌታችሁ የገባች ትንሽ ቲአርኤክስ አለች? ዩኤስዲቲው ኢቴሬም በሚባለው ሌላ መስመር ላይ ከነበረ ያቺ ትንሽ ገንዘብ ኢተር ናት፤ አሠራሩ ያው ነው። ሁልጊዜ ግን አይገኝም። ክፍያውን በኪራይ የሚሸፍኑ አገልግሎቶች አሉ፤ እንዲያ ከሆነ በዚህ በኩል የምታገኙት ነገር የለም።

በሌላው አቅጣጫ 3,900ው አንድ አድራሻ ላይ ካደረ በኋላ ለሁለት ተከፍሎ ወደ ሁለት የተለያዩ አድራሻዎች ሄዷል። ሁለቱም አንድ ጠባይ አላቸው፤ የገባባቸውን ሁሉ ብዙም ሳይቆዩ ሙልጭ አድርገው ወደ አንድ ትልቅ፣ የኤክስቼንጅ ስም ወደተለጠፈበት አድራሻ ይልካሉ። እንዲህ ያለ አድራሻ ካያችሁ ኤክስቼንጁ ለአንድ ደንበኛ ብቻ የሰጠው የገቢ አድራሻ ሊሆን ይችላል። ያንን አድራሻና ወደሱ የገባበትን ሃሽ ጻፉና እዚያ ላይ ቁሙ። ከዚያ ወዲያ ገንዘቡ ከብዙ ሺህ ሰው ገንዘብ ጋር ተቀላቅሏል፤ እህላችሁ ከሌላው ሰው ጋር አብሮ ወፍጮ ከገባ በኋላ ዱቄቱን እየለያችሁ «ይህ የኔ ነው» እንደማለት ይሆናል። የወንድሜ ጓደኞች ግን እዚያ አልቆሙም። ከትልቁ አድራሻ በኋላ የወጣውን እየተከተሉ ምንም የማያውቅ ሰው አድራሻ ላይ ደረሱና «ሌባው ይህ ነው» ብለው ግሩፕ ላይ ለጠፉ። እንዲነሣ እስክናደርግ ድረስ ሰውየው ሲሰደብ ዋለ። ይህን ማንም ላይ አታድርጉ፤ ነውርም ነው፣ በሕግም ያስጠይቃል።

ስታዩ ግር እንዳይላችሁ ሁለት ነገር ልጨምር። ከስርቆቱ በኋላ ወደ ዋሌታችሁ ዩኤስዲቲ የሚል ስም ያላቸው ሐሰተኛ ቶከኖች (ዲጂታል ሳንቲሞች) እና ኢምንት የሆኑ ገንዘቦች ሊገቡ ይችላሉ። ከምታውቁት አድራሻ ጋር የመጀመሪያዎቹና የመጨረሻዎቹ ፊደላት የሚመሳሰል አድራሻ ፈጥረው፣ ከታሪካችሁ ላይ ስትገለብጡ እንድትሳሳቱ የሚልኩት ነው። አድራሻን ሁልጊዜ መሐሉንም ጭምር አንብቡ። በፈረንጆቹ 2024 በዚህ ዘዴ ብቻ አንድ ሰው ወደ 68 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ክሪፕቶ ለሌባ ልኮ ነበር፤ ኋላ አብዛኛው ተመልሶለታል። ሁለተኛው፣ ገንዘቡ ከትሮን ወደ ሌላ መስመር ከተሻገረ ወይም የብዙ ሰው ገንዘብ ቀላቅሎ ምንጩን በሚሰውር ማደባለቂያ ውስጥ ከገባ ዱካው ለእኛ ዓይነቱ ሰው ከባድ ነው። የገባበትን ሃሽ ያዙና ለባለሙያ ተዉት።

እህቴ በስልክ «ይህ ሁሉ ድካም ምን ያደርጋል?» ስትል የነገርኳት የቢትፊኔክስን ታሪክ ነው። በፈረንጆቹ 2016 ከዚያ ኤክስቼንጅ 119,754 ቢትኮይን ተሰረቀ። በ2022 የአሜሪካ መንግሥት ዱካውን ተከትሎ ከ94,000 በላይ የሚሆነውን ያዘ፤ በወቅቱ ዋጋ 3.6 ቢሊዮን ዶላር ነበር። መዝገቡ ከአምስት ዓመት በላይ እዚያው ተቀምጦ ጠበቃቸው። ዩኤስዲቲ ላይ ደግሞ ቢትኮይን የሌለው አንድ ዕድል አለ፤ አውጪው ቴተር የተባለው ኩባንያ የአንድን አድራሻ ዩኤስዲቲ እንዳይንቀሳቀስ ማገድ ይችላል። በመስከረም 2024 በፈረንጆቹ ቴተር፣ ትሮንና የክሪፕቶ ዱካ የሚከታተለው ቲአርኤም ላብስ የተባለ ኩባንያ ለዚህ ዓይነት ወንጀል አንድ የጋራ ክፍል አቋቁመዋል። ገንዘባችሁ ገና ሌባው ዋሌት ላይ ተቀምጦ ካያችሁት ይህ መንገድ አለ ማለት ነው። ሆኖም ጥያቄው የሚሰማው ከሕግ አስከባሪ ሲመጣ ነው። ለዚህ ነው ወደ ፖሊስ ቶሎ ሂዱ የምለው።

ብዙ ሰው ፖሊስ ጋ መሄድ ይፈራል። ብሔራዊ ባንክ በ2014 በአገር ውስጥ በክሪፕቶ መገበያየት ሕጋዊ አለመሆኑን አስታውቋል፤ «እኔው እከሰስ ይሆን?» የሚለው ስጋት ከባዶ ሜዳ የመጣ አይደለም። እኛ አስቀድመን ጠበቃ አማከርን። እህቴ የገዛችው በምትኖርበት አገር፣ በስሟ፣ በደመወዟ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ነበረን። የተፈጸመብን ደግሞ ማታለልና ያለ ፈቃድ መግባት ነው፤ ለዚህም የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ። የእናንተ ሁኔታ ሊለይ ስለሚችል እናንተም መጀመሪያ ጠበቃ ጠይቁ። ባለገንዘቡ ውጭ አገር ከሆነ ውክልና ያስፈልጋል። እህቴ ከቆንስላ ጽሕፈት ቤት አስላከችልን፤ እዚህ ማረጋገጡም ጊዜ ስለሚወስድ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሩት።

ጣቢያ ስንደርስ የመጀመሪያው መርማሪ «ዶላሩ በጥሬው ነበር? ቤት ውስጥ ነው የተቀመጠው?» ብሎ ጠየቀ። ወንድሜ ስለ ብሎክቼይን፣ ማለትም ስለዚያ ክፍት መዝገብ፣ እና ስለ ኖድ ማስረዳት ጀመረ። ሰውየው ዕድሜው ገፋ ያለ፣ ትዕግሥተኛ ነው፤ ትንሽ ሰምቶ ወደ እኔ ዞረና «አንተ ልጄ፣ ወረቀት ላይ አድርገህ አምጣልኝ» አለኝ። ከሁሉም የረዳን ይህ ቃል ነው። አንድ ገጽ ጻፍን፣ በቀላል አማርኛ። ገንዘቡ የማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ በምን ማታለያ እንደተወሰደ፣ በየትኛው ሰዓት፣ ከየትኛው አድራሻ ወደ የትኛው፣ በመጨረሻም «ይህን ገንዘብ የተቀበለውንና የማስተላለፊያውን ክፍያ የከፈለውን ደንበኛ ማንነት ኤክስቼንጁ ያውቃል፤ ይጠየቅልን» የሚል። ሌላው ሁሉ አባሪ ሆነ።

እዚህ ላይ ብዙ የሚበላሹ ጥቃቅን ነገሮች አሉ። የትሮን አድራሻ በእንግሊዝኛው ቲ ፊደል የሚጀምር 34 ፊደልና ቁጥር ነው፤ ትልቁና ትንሹ ፊደል ይለያያል። ጸሐፊዋ ከወረቀታችን አይታ ስትተይብ ትንሿን ኦ ዜሮ አድርጋት ነበር። አድራሻው ውስጥ ዜሮ፣ ትልቁ ኦ፣ ትልቁ አይና ትንሹ ኤል በጭራሽ አይገቡም፤ አንዳቸውን ካያችሁ የተሳሳተ ነው። ስለዚህ አድራሻውንና 64 ፊደል ያለውን ሃሽ በፍላሽ ወይም በኢሜይል በጽሑፍ ስጡ፤ ፎቶ ብቻ አትስጡ።

ሰዓቱም እንዲሁ። ወንድሜ በቃሉ «ከምሽቱ 3፡10» ብሎ አስመዘገበ፤ ከትሮንስካን ያተምነው ወረቀት ግን 18፡10 ይላል። መርማሪው ሁለት የተለያየ ስርቆት መስሎት ነበር። የእኛ ምሽት 3፡10 በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) 18፡10 ነው፤ በእኛ የቀን ሰዓት ላይ 3፣ በማታው ላይ 15 ጨምሩ፣ ከ24 ካለፈ 24 ቀንሱ። ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት የሆነ ነገር ደግሞ በዩቲሲ ገና የትናንት ቀን ነው። ቀኑን በኢትዮጵያም በፈረንጅም ጻፉ፤ ገጹ የሚያሳያችሁ ዩቲሲ ይሁን የስልካችሁ ሰዓት አረጋግጡ።

ፖሊስ እስኪጽፍ እጃችንን አጣጥፈን አልተቀመጥንም። ለኤክስቼንጁ ራሳችን ሃሹን ይዘን አመለከትን። መልሳቸው በጨዋነት «ሕግ አስከባሪ በመንግሥት ኢሜይል ይጻፍልን» የሚል ነበር፤ የማመልከቻ ቁጥር ግን ሰጡን። ያ ቁጥር በፖሊስ ደብዳቤ ላይ ገባ፤ ጉዳዩም ከከተማው ተነሥቶ የሳይበር ወንጀል ወደሚከታተሉት ሄደ። መጠበቁ ረጅም ነበር፤ ደጋግሞ መጠየቅ ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም።

በመጠበቁ መሐል የሚመጡትን ሰዎች ተጠንቀቁ፤ ከመጀመሪያው ሌባ የሚብሱት እነሱ ናቸው። ወንድሜ ግሩፕ ላይ «ተሰረቅኩ» ብሎ በጻፈ ማግስት «ሀከር ነኝ፣ አስመልስልሃለሁ» የሚሉ በላይ በላይ መጡበት። አንዱ የእህቴን ገንዘብ አስመልሶ «ታግዶ ያለበትን» ገጽ ሁሉ አሳየው፤ ለማስለቀቂያ 300 ዶላር ብቻ ጠየቀ። እህቴ እንኳ ልትልክ ነበር። በብሎክቼይን ላይ የተላከን ገንዘብ ማንም ሀከር መልሶ መጎተት አይችልም። ገንዘብ የሚያስመልስ ኤክስቼንጁ ወይም አውጪው ኩባንያ ነው፤ እሱም በሕግ ጥያቄ። ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቃችሁን ሰው ወዲያው አግዱት። ከሆነላችሁ ስለ ስርቆቱ አደባባይ ላይ አትጻፉ።

በመጨረሻ ምላሽ መጣ። የማስተላለፊያውን ክፍያ የከፈለውና ከገቢ አድራሻዎቹ የአንዱ ባለቤት አንድ ሰው ሆነው ተገኙ። አካውንቱ ላይ የቀረው ዩኤስዲቲ ታገደ፤ ከፍርድ ቤት ትእዛዝ በኋላ ለእህቴ የተመለሰላት ከግማሽ ትንሽ ያነሰ ነው። ሌላው አስቀድሞ በፒቱፒ (ከሰው ለሰው በሚደረግ ሽያጭ) ተሽጦ ብር ሆኗል፤ ጉዳዩም አሁን ድረስ ፍርድ ቤት ነው።

ብሩ የገባበት የባንክ ሒሳብ የሌባው አልነበረም። የአንድ የቀን ሠራተኛ ወጣት ነው፤ «ገንዘብ ይገባልሃል፣ አውጥተህ ስትሰጠን ትንሽ እናስቀርልሃለን» ተብሎ ሒሳቡንና ሲም ካርዱን አከራይቷል። በፖሊስ የተጠራው እሱ ነው፣ ችሎት የሚመላለሰውም እሱ ነው። ደሴም ኮምቦልቻም ወልዲያም እንዲህ የሚጠየቁ ልጆች እንዳሉ እየሰማን ነው። በቤታችሁ ሒሳብ ያለው ወጣት ካለ ይህን ንገሩት፤ አከራይቶ ከሆነም ዛሬውኑ ባንኩ ሄዶ ያስዘጋውና ጠበቃ ይዞ ራሱ ለፖሊስ ያመልክት።